ውሃው በየት ገባ? ስለ ቮልስ ድብቅ ዝገት

ቮልስ ስትመርጡ ቀለሙን ለመጨረሻ አቆዩት። ባለ ጣራው ቮልስ ጀርመን አገር መመረቱ የቆመው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። የሜክሲኮው ፋብሪካ እስከ 2003 ገፍቶበታል፤ እኛ አገር የምናያቸው ግን በአብዛኛው ግማሽ ምዕተ ዓመት የደፈኑ ናቸው። ይህን ያህል የኖረ መኪና እንደ ሙሽራ አጊጦ ከቆመ፣ መጠየቅ ያለበት ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ ነው። በዚህ መኪና ላይ ክፉው ዝገት ከውስጥ ወደ ውጭ ይመጣል። በሩ ግርጌ ላይ ሽፍታ የመሰለች አረፋ ብቅ ስትል፣ ከኋላዋ ያለው ላሜራ ካለቀ ቆይቷል።

በዚህ ሥራ አጥብቄ የማምንበት አንድ ነገር አለ። «ውሃው በየት ገባ? ለምንስ ሳይወጣ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የሚበየድ ላሜራ ዕድሜ የለውም። ላሜራ ይገዛል፣ በያጅም አይጠፋም። የውሃውን መንገድ ግን ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ካልፈለገው ማንም አይፈልግለትም።

ጅማ ላይ ደግሞ ፍለጋው ግዴታ ነው። ከተማዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆና በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። ዝናቡም የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ አይለቅም። አውሮፓ ውስጥ መኪና የሚበላው በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ዘንድ ጨው የለም፣ ባሕርም ሩቅ ነው። የኛን መኪና የሚጎዳው እርጥበቱ የሚደርቅበት ጊዜ ማጣቱ ነው። ብረት ዝናብ ስላገኘው ብቻ አያልቅም፤ የሚያልቀው ሳይደርቅ በሚቆይበት ሰዓት ልክ ነው። የጅማ ቀይ አፈር እዚህ ላይ ይጨመራል። ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ሥር እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ከላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ እንኳ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ፊቱ ለሳምንታት እርጥብ ነው።

የቮልስን አሠራር ማወቅ ፍለጋውን ግማሽ ያቀለዋል። መኪናው ሁለት ትልልቅ ክፍል ነው። ታች ወለሉ አለ፣ መሐሉ ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ቱነል ያለው። ከላይ ቦዲው ይቀመጥና ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል፤ በመሐላቸው ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) አለ። በግራና በቀኝ በሮች ሥር የሚሄደው ሣጥን መሰል ብረት ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት መስታወት የሚያደርስ ቦይ ነው። ይህ ቦይ ግን ከሙቀት የበለጠ ሥራ አለው። የበሩ ምሰሶዎች የቆሙት በእሱ ላይ ነው። እሱ ሲያልቅ በሩ አልገጥም ይላል፣ ቦዲው በጉድጓድ ላይ ይንቃቃል፣ አደጋ ቢደርስም ተሳፋሪውን የሚከላከለው የጎን ብረት የለም።

ውሃ ወደዚህ ቦይ የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ ነው። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ሲደርቅና ጥግ ላይ ሲሰነጠቅ ውሃው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይወርዳል፣ በበሩ የፊት ምሰሶ ውስጥ ይሾልክና ቦይው የፊት ጫፍ ውስጥ ይጠራቀማል። የኋላ ጎን መስታወት ጎሚኒ ሲያልቅ ደግሞ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወርዶ የቦይውን የኋላ ጫፍ ያገኛል። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች አልቀው መሐሉ ጤነኛ ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። የዛገበት ቦታ ውሃው በየት እንደመጣ ይናገራል።

ያለቀ ቦይ በግራይንደር ሲከፈት የሚታየውን ልብ ብላችሁ እዩት። ከውጭ ያለው ጥቁር ሽፋን ያልተነካ ይመስላል፣ በጥፍር ቢቧጨርም አይለቅም። ከጀርባው ያለው ብረት ግን እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ ቅጠል በቅጠል ይነሳል። በቅጠሎቹ መካከል ዱቄት የመሰለ ቀይ አፈር አለ፤ በጥር ፀሐይ እንኳ ቢነካ ቀዝቀዝ ይላል፣ ጣት ላይ ይለጠፋል። አንዳንዴ ከሥሩ አይጥ የከተተችው ሣርና የበቆሎ ፈረፈር ይወጣል፤ እሱም እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ የኖረ ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ላሜራ ተደርቦ በተበየደበት ስፌት ውስጥ ሲያድግ ስፌቱን ይፈለቅቀዋል። ቀጥ ብሎ መሄድ የሚገባው ስፌት ሆዱ ተነፍቶ ካያችሁት፣ ቀለሙ ቢያምርም ውስጡ ጤና የለውም።

ለምርመራ የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ የእጅ ባትሪ፣ ደከም ያለ ማግኔት፣ ጫፉ ሹል የሆነ ካቻቢቴና ክሪክ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልሉትና በበር ግርጌ፣ በፓራፋንጎ ዙሪያና ከመስታወት ሥር አንሸራቱት። ብርቱ ማግኔት አይሆንም፤ ከስቱኮ (የላሜራ መሙያ ልጥፍ) በላይም ሆኖ ስለሚስብ ያሳስታል። ድንገት ከለቀቀ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ስቱኮ አያስነውርም፤ የተደበደበ ላሜራ ማስተካከያ ነው። ከሦስት ሚሊሜትር ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ቀዳዳ ነው። በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አድርጋችሁም አዳምጡ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ስቱኮ የሞላው ድፍን ይላል።

ቀጥሎ ከሥር መግባት ነው። ሻጩን «ጋሼ፣ ከሥር በካቻቢቴ ትንሽ ልነካካው ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ማስፈቀድ ወግ ነው። እምቢ ካሉም እምቢታው ራሱ መልስ ነው። ከኋላ ጎማው ወደ ፊት ባለው የክሪክ መሸጎጫ መኪናውን ቀስ እያላችሁ አንሱት፣ በሩ እንደተዘጋ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እያያችሁ። ክፍተቱ ሲጠብብ ወይም ሲሰፋ ካያችሁ፣ ወይም አንስታችሁት በሩ አልከፈት ካለ፣ ቦይው አልቋል። መሸጎጫው ራሱ ወደ ውስጥ ከገባ ምርመራው እዚያው አበቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የበሩን መውደቅ ሁሉ በዝገት ማሳበቡ ነው። በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ ስታነሱ ማጠፊያው ላይ ከተንቀሳቀሰ ያለቀው የማጠፊያው ፒን ነው፤ ያ ርካሽ ሥራ ነው።

ምንጣፉ ይነሳ። የፋብሪካው ሬንጅ ከወለሉ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ሁሉ በካቻቢቴ ይፈተሽ፤ ሬንጁ ሲሰነጠቅ ከሥሩ ውሃ አስገብቶ ይዘጋበታል። የኋላ ወንበሩን አንሱ። ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያ ሥር ነው፣ የሚተፋው አሲድም ወለሉን ይበላል። ነጭ ዱቄት ካለ በአንድ ሊትር ውሃ ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ አረፋው እስኪቆም አፍስሱበት፣ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ላሜራ መበየድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ስፌት ውስጥ የቀረው አሲድ አዲሱንም ይበላዋል። ባትሪው ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ መሸፈኛ መኖሩንም አረጋግጡ። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ካገናኘ መኪናው በእሳት ይጠፋል።

ከፊት ደግሞ ተጠባባቂ ጎማውን አውጥታችሁ ጉድጓዱን እዩ። ከነዳጅ ታንኩ ሥር ቦዲውና የሻንሲው ራስ (የወለሉ የፊት ጫፍ) የሚገናኙበት፣ ባለሙያዎች የናፖሊዮን ባርኔጣ የሚሉት ቁራጭ አለ። ኮፋኖው ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ውሃው እዚያ ያርፋል። የሻንሲው ራስ የፊት እግሮቹን የተሸከመ ነው፤ እዚያ ዝገት ከተገኘ መኪናው ከመንገድ ይውጣ እላለሁ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን አይነዳ። 1302 እና 1303 የሚባሉት ሞዴሎች የፊት እግራቸው በስትራት (ስፕሪንግና ሾክ አብሶርበር በአንድ የያዘ ምሰሶ) የቆመ ስለሆነ የሻንሲ ራሳቸው ከሌሎቹ የተለየ ነው። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ይህን ሳይለይ ከገዛ 350 ኪሎ ሜትር መልሶ ይልካል። ካርማን ጊያ የሚባለው ስፖርት መሰሉ ዘመድም መሠረቱ የቮልስ ወለል ነው፣ የምርመራው ነገር ያው ነው፤ ልዩነቱ የፊት አፍንጫው ከበርካታ ቁራጭ ተበይዶ በእጅ የተስተካከለ መሆኑ ነው። እሱን መሥራት የጎበዝ ባትላሜራ ወራት ይፈልጋል።

የውሃውን መንገድ መፈለጊያው ዘዴ ይሄ ነው። ወንበርና ምንጣፍ ይውጣ፣ ውስጡ ይድረቅ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ ሌላው ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስስ፣ ያለ ግፊት፣ እንደ ዝናብ። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል፤ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ከዚያ የጎን መስታወት፣ ከዚያ የፊት መስታወት፣ በያንዳንዱ ቦታ አምስት ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አርሶ መነሻው ይጠፋል። የገባበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። በሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ ግን ጥፋት አይደለም። በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ በሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ነው የተሠራው። ችግሩ ቀዳዳዎቹ በቀይ አፈር ሲደፈኑ ነው፣ ወይም ቀለም ቀቢው በስቱኮና በማስቲሽ ሲዘጋቸው። ሦስት ሚሊሜትር ሽቦ አስገብታችሁ ክፈቷቸው። መኪና ከቀለም ቤት ሲመለስ ሌላውን ሁሉ ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ቀዳዳዎች እዩ።

አሁን ወደ ብየዳው። ባትሪ ይፈታ፤ ፊት አካባቢ ከሆነ ታንኩ ይውጣ። የነዳጅ መስመሩ በቱነሉ ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ቱቦም ከጎኑ ነው፤ ቱነሉ አጠገብ የሚበየድ ሰው ይህን ሳያውቅ እሳት መለኮስ የለበትም። እሳት ማጥፊያ፣ ካልተገኘ ባልዲ ሙሉ ውሃና የራሰ ጆንያ አጠገብ ይሁን፤ የተቀጣጠለ ነዳጅ ላይ ግን ውሃ አይረጭም፣ ጆንያው ነው የሚያፍነው።

ቦይ የሚቀየር ከሆነ ከመቁረጥ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በሁለቱ ማዕዘን ሰያፍ ለኩና ጻፉት። ከዚያ 25 ሚሊሜትር ቱቦ ብረት ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ፣ አንዱን አግድም ሌላውን ሰያፍ አድርጋችሁ በይዱት። ይህ ጊዜያዊ ድጋፍ ከሌለ ቦይው ሲቆረጥ ቦዲው ይሰምጣል፤ በሩ ከዚያ በኋላ በመዶሻም አይገጥምም። አንዱ ጎን ተቆርጦ ተበይዶ ሳያልቅ ሌላው አይነካ። የወለሉና የቦዲው ማሰሪያ ቡሎኖች በብዛት በ13 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው፣ ተጣብቀው ነው የሚገኙት። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ለሁለት ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ አጠጧቸው። በጉልበት ከተጠመዘዙ ይሰበራሉ፤ የተሰበረውን በትራፓኖ መብሳት ደግሞ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አዲሱ ቦይ ከመበየዱ በፊት በነዚሁ ቡሎኖች ከወለሉ ጋር ይታሰር፣ በሩም ተዘግቶ ተከፍቶ ይታይ።

ዝገቱ ሲቆረጥ ነጭ ብረት እስኪገኝ፣ ከዚያም አልፎ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ይሁን። ሰው የሚሳሳለት እዚህ ነው፣ የሚጸጸተውም እዚህ ነው። የሳሳ ላሜራ ብየዳ አይቀበልም፤ እሳቱ ሲነካው ይበሳል፣ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ለወለል ከ1 እስከ 1.2 ሚሊሜትር፣ ለውጭ አካል 0.8 ሚሊሜትር ላሜራ በቂ ነው። የጣራ ቆርቆሮ እንዳትጠቀሙ አደራ። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሸክም አይችልም፣ የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል የሚያወጣው ነጭ ጭስም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ዚንክ የተለበጠ ወፍራም ላሜራ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ የሚበየደው ጠርዙ ግን አስቀድሞ በግራይንደር ይጽዳ፣ በርና መስኮትም ይከፈት።

በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ 0.8 ላሜራ መበየድ ብየዳ ሳይሆን መብሳት ነው። ለዚህ ሥራ 0.6 ወይም 0.8 ሽቦ ያለው ሚግ ማሽን (በኤሌክትሮድ ፋንታ ሽቦ እየመገበ የሚበይድ) ያስፈልጋል። ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ አንዱ ጫፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ተሻግሮ ሌላው ጫፍ፣ ላሜራው በእጅ እስኪነካ እየበረደ። ቀጥ ያለ መስመር በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ላሜራው እንደ ቁርበት ይጨማደዳል። በሚደረብበት ቦታ የላይኛው ላሜራ በ6 ሚሊሜትር ትራፓኖ በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ይበሳና ቀዳዳው በብየዳ ይሞላል፤ ከፋብሪካው ነጥብ ብየዳ ጋር የሚቀራረበው ይሄ ነው። በሁለቱ ላሜራ መሐል ብየዳ የሚችል የዚንክ ቀለም ይቀባ። ኃይል ሲወርድ ደግሞ ሥራው ይቁም። ማሽኑ በደከመ ኃይል የሚያንጠባጥበው ብየዳ ላዩ ያምራል፣ ሥር ግን አልያዘም፤ በመዶሻ ቢመታ ይለያያል።

ቆርጦ ማውጣት ለማይቻልበት ጉድጉድ ያለ ላሜራ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መለወጫ አለ። የላላው ዝገት በብረት ብሩሽ ይነሳ፣ መለወጫው ይቀባ፣ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። ኮካ ኮላ ማፍሰስ ሲባል ይሰማል። እሱም ፎስፎሪክ አሲድ አለበት፣ ግን ኢምንት ነው፤ የሚተርፈው ስኳር እርጥበት ይስባል። መለወጫም ቢሆን ውፍረቱን ላጣ ብረት ጉልበት አይመልስለትም፤ ቦይና ሻንሲ ላይ አይታመንም።

ቀለም ላይ ጅማ የራሷ ሕግ አላት። ብረት ማለዳ ጤዛ ያዘለ ነው፣ በዓይን ባይታይም። ያኔ የተቀባ ቀለም ከሥሩ ውሃ ይዞ ይደርቃል። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በታች፣ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚቋጠርበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። መለኪያ ለሌለው ሰው ይህ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ድረስ መቀባት ነው። በክረምት የግድ ከሆነ ብረቱ አስቀድሞ ይሞቅ። የሚቀባው ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ነው፣ ሁለት እጅ። ተራው ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል፤ ቀለም ሳይደረብበት ሳምንት ዝናብ ካገኘው ከሥሩ መዛግ ይጀምራል። ስቱኮም ውሃ መጣጭ ስለሆነ ከኤፖክሲው በላይ እንጂ በባዶ ብረት ላይ ባይሆን እመርጣለሁ።

ሥራው የሚያልቀው ግን ሣጥን መሰሎቹ ብረቶች ውስጣቸው ሲቀባ ነው፣ እዚያ ዓይን ስለማይደርስ ብዙዎች ይተዉታል። ከውጭ ሲበየድ ከውስጥ ያለው ቀለም ተቃጥሏል፤ ባዶ ብረት ነው የቀረው። ለበር፣ ለምሰሶና ለፓራፋንጎ ጀርባ ሰም ይሆናል፣ እኛ አካባቢ ደግሞ የማር ሰም አይቸግርም። አንድ ኪሎ የተጣራ ሰም በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ድስት ይቅለጥና (በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ) ከሦስት ሊትር ያልተነካ የሞተር ዘይት ጋር ይዋሃድ። በሳህን ላይ ጠብ ሲደረግ በርዶ እንደ ለጋ ቅቤ መሆን አለበት፤ ከጠጠረ ዘይት ይጨመር። እንደሞቀ በቱቦ ይረጫል፣ ሲያልቅ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በሽቦ ይከፈታሉ። የተቃጠለ ዘይት የሚረጩ አሉ፤ አሲድና ውሃ ያዘለ ነው፣ ጎሚኒ ያበላሻል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። በሙቅ አየር ቦይው መተላለፊያ ውስጥ ግን ሰምም ዘይትም አይገባም። አየሩ የሚተነፈሰው መኪናው ውስጥ ነው። እዚያ በረጅም ቱቦ ኤፖክሲ ተረጭቶ ጨርሶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ቦይው በተከፈተበት አጋጣሚ ማርሚታው አጠገብ ያሉት አየር ማሞቂያዎችም ይታዩ፤ እነሱ በዝገት ከተበሱ የሞተሩ ጭስ ከሙቁ አየር ጋር መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ጭሱም ገዳይ ነው።

ስለ አያያዝ ጥቂት። ሸራ አልብሶ ማቆም መኪናውን በላብ ማኖር ነው፤ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላል። ሣር ላይ ከማቆም ሊሾ ወይም ጠጠር ላይ። አቮካዶ ዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው ቅጠሉን ከመስታወቱ ግርጌና ከኮፋኖው ጠርዝ በየሳምንቱ ይልቀም። ላቫጆ ሲወሰድ ፓራፋንጎ ሥር ያለው ጭቃ መጀመሪያ ይራስና በእጅ ይነሳ፤ በግፊት ብቻ ከተመታ ስፌት ውስጥ ይገባል። እሸት ቡናና ማዳበሪያ ደግሞ በዚህ መኪና ባይጫን። ከቀይ ቡናው የሚንጠባጠበው ጭማቂ ሲብላላ ይኮመጥጣል፣ ከጆንያ የፈሰሰ ዩሪያም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ምንጣፉ ሥር ለወራት ይቀመጣል። የግድ ከተጫነ በዚያው ቀን ወለሉ ይታጠብና በር ተከፍቶ ይድረቅ።

ጥቅምት ሲገባ ዝናቡ እንዳባራ ምንጣፉን አንሱና ወለሉን በመዳፍ ዳብሱት፣ በተለይ ሁለቱን የፊት ጥጎችና የኋላ ወንበሩን ሥር። ደረቅ ከሆነ ምንጣፉ ይመለስ። መዳፋችሁ ርሶ የተመለሰበት ቦታ ካለ፣ ቱቦውን አምጡና በዚያ በኩል ካለው በር ግርጌ ጀምሩ።